ቀለም የሚቀያይረው የልጆች የመኝታ ሰዓት፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ቀይ ሲበራ «ተኛ»፣ አረንጓዴ ሲበራ «ተነስ» የሚለው የልጆች ሰዓት ጥሩ ዕቃ ነው፤ ልጁ ስንት ሰዓት መተኛት እንዳለበት ግን ዕቃው አያውቅም። ይህን የሚያሰላው ወላጅ ነው።

ስሌቱ የሚነሳው ከጠዋቱ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ደግሞ ከ11 እስከ 14። ቀን የማይተኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ የ4 ዓመት ልጅ ለ11 ሰዓት ያህል እንዲተኛ ከተፈለገ፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። እስኪወስደው ሩብ ሰዓት ስጡትና ቀዩን 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሙሉት። ዕቃው የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ 7:15 ብሎ ያሳያል፤ ፒኤም የምትለዋ ነጥብ ካልበራች ቀዩ የሚመጣው በጠዋት ነው!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአረንጓዴው ነው። ልጁ አሁን የሚነቃው 11 ሰዓት ከ40 ከሆነ፣ አረንጓዴውን መጀመሪያ 11 ሰዓት ከ45 ላይ አድርጉት። ከዚያ በየሦስት ቀኑ 10 ደቂቃ እየጨመራችሁ ወደ 12 ተኩል ግፉት። በመጀመሪያው ቀን 12 ተኩል ላይ ከሞላችሁት ልጁ 50 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ሲጠብቅ ይሰለቻል፤ መብራቱንም ከእንግዲህ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 2 ዓመት ላልሞላው ደግሞ ቀለሙ ትርጉም የለውም፣ ተራ የሌሊት መብራት ነው።

ስትገዙ መብራቱን በደንብ እዩ። ሰማያዊና ነጭ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያፍናል፤ ቀይ ይሻላል፣ እሱም እጅግ ደብዝዞ። ዝቅተኛው መጠን እንኳ ክፍሉን የሚያደምቅ ከሆነ ወደ ግድግዳ አዙሩት። የሚጫኑት ቁልፎቹ የማይቆለፉትን አትግዙ፤ የ3 ዓመት ልጅ አረንጓዴውን ራሱ ማብራት ለመማር ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

መብራት ሲጠፋ የተሞላው ሰዓት እንዳይጠፋ ብዙዎቹ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ አላቸው። ልጅ ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለችና ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ተዉት። የማንቂያ ደወል ካለውም አጥፉት፤ ትንሽ ጨምሮ ቢተኛ የሚጠግብን ልጅ መቀስቀሱ ምን ይጠቅማል?