ለውኃ ማሞቂያ ባለሙያችን ምስጋና፣ ቦይለር ለመቀየር ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ

አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በሚገኘው መኖሪያ ቤታችን ሁለት የኤሌክትሪክ ቦይለሮችን አስቀርተው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ የተከሉልንን ባለሙያ ማመስገን የነበረብኝ ሥራው እንዳለቀ፣ አምና ጥቅምት ላይ ነበር። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ውኃ የማያሞቅ መሣሪያ የለም፤ የተካዩ ሙያ የሚለየው ሐምሌና ነሐሴ መጥተው ሰማዩ ለቀናት ሳይገለጥ ሲሰነብትና የቧንቧ ውኃውም በፈረቃ ሲቆራረጥ ነው። ያ ወቅት አልፎ ሁሉንም ስላየሁ አሁን የምጽፈው በሙሉ ልብ ነው።

እኒህ ሰው በቧንቧና በሳኒተሪ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ፣ በዕድሜም ጠና ያሉ ናቸው። አብሯቸው የሚሠራው ወጣት የኤሌክትሪኩን ክፍል ይይዛል። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ያላሰፈርሁት እሳቸው ስላልፈቀዱ ነው፤ «እህቴ፣ ስልክ ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ብለውኛል። እንዴት እንደሚገኙ መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ።

እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት የጠየቅኋቸው ሻጮች ሁሉ መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ ባለ 300 ሊትር፣ የመስታወት ቱቦ ያለው፣ ዛሬ ከፍለሽ ነገ የሚገጠም። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር የጠየቀኝ አልነበረም። እኒህ ባለሙያ ግን በመጀመሪያ ቀን ሲመጡ ስለ ዋጋ አንዳች ሳይናገሩ ስንት ሰው በስንት ሰዓት ገላውን እንደሚታጠብ፣ ውኃ በሳምንት በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ፣ ሮቶው ባዶ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ መኖር አለመኖሩን፣ የወር የመብራት ካርድ ሒሳባችን ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያም ጣራ ላይ ወጥተው በምሥራቅ በኩል ያለው የጎረቤት ፎቅ ጥላውን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጥል አዩ፤ የሮቶውን ከፍታ በሜትር ለኩ፤ ከቧንቧው የሚወጣውን ውኃ ሙቀት ሳይቀር በቴርሞሜትር መዘገቡ።

ስሌቱን በፊቴ ነው የሠሩት፤ ለሌሎችም ስለሚጠቅም እንዳለ አቀርበዋለሁ። ስድስት ነን። አንድ ሰው ለሻወር 40 ዲግሪ የሞቀ 40 ሊትር ያህል ውኃ ቢጠቀም በቀን 240 ሊትር ይሆናል። በዚያ ጠዋት ከሮቶው የወጣው ውኃ 16 ዲግሪ ስለነበረ፣ ማሞቂያው ውስጥ 55 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ከዚሁ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ተደባልቆ 240 ሊትሩን ለመስጠት የሚፈለገው ሙቅ ውኃ ወደ 150 ሊትር ብቻ ነው። ይህን 150 ሊትር ከ16 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 6.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል፤ በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ቦይለሮቻችን ሌሊትና ቀን ሳይጠፉ ውለው ሲያድሩ በጋናቸው በኩል የሚባክነው ሙቀት ከዚህ በላይ ተጨማሪ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ የሚልበት በመሆኑና ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ ጭማሪ እየተደረገበት ስለሆነ፣ ሙቅ ውኃን ከቆጣሪው ማውጣት ትርጉሙ ከ200 ኪሎዋት ሰዓቱ ይሰፋል፤ ምጣዱም፣ ፍሪጁም፣ መብራቱም ዝቅ ባለ ዋጋ ይቆጠራሉ።

በዚህ ስሌት መሠረት 300 ሊትሩን እንዳልገዛ መከሩኝ። ባለ 200 ሊትሩ ይበቃል፤ ከመብቃቱም ሌላ ውኃው ብቻውን 200 ኪሎ ይመዝናል፣ ብረቱና መስታወቱ ሲጨመርበት የእንጨት ማገር ያለው የቆርቆሮ ጣራ ሊሸከመው አይገባም አሉ። ስለዚህ የተተከለው ከደረጃው በላይ ባለው የሶሌታ (የኮንክሪት) ጣራ ላይ ነው። ሶሌታውን የበሱባቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ በውኃ መከላከያ ደፍነው፣ በማግስቱ ውኃ አፍስሰው ወደ ታች መስረግ አለመስረጉን ፈትሸዋል። ይህን የማነሣው ጣራቸው በሶላር ተካይ ተበስቶ ኮርኒሳቸው የበሰበሰ ዘመዶች ስላሉኝ ነው።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኋቸው ግን በዓይነቱ ምርጫ ላይ ነው። በገበያ ላይ በብዛት ያለው በመስታወት ቱቦ የሚሠራው ሲሆን በዋጋም ረከስ ይላል። እሳቸው ያንን አላጣጣሉትም፤ ቱቦዎቹ አየር በሌለበት ክፍተት የተከበቡ ስለሆኑ በብርድና በደመና ጊዜ ሙቀት ይዞ በመቆየት ከሌላው ዓይነት፣ ከጠፍጣፋው ፓኔል፣ እንደሚሻሉ በግልጽ ነግረውኛል። ችግሩ ከውኃ አቅርቦታችን ጋር አለመጣጣሙ ነው። ርካሹ ዓይነት ሙቅ ውኃውን የሚያወጣው ከጋኑ ሥር በመሆኑ ሮቶው ሲደርቅ ጋኑም አብሮ ይደርቃል፤ ባዶ የቀሩት ቱቦዎች በቀትር ፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግሉ ይችላሉ፤ ልክ በዚያ ሰዓት የፈረቃው ውኃ ከመጣ ቀዝቃዛው የጋለውን መስታወት ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ያለው ጋን ቤታችሁ ካለና ከደረቀ፣ ውኃ እስኪመጣ ድረስ ቱቦዎቹን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ስትሞሉትም ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ይሁን።

ለእኛ የመረጡልን ጠፍጣፋ ፓኔል ያለውንና ሙቅ ውኃው ከጋኑ አናት የሚወጣውን ነው። እንዲህ ያለው ጋን ውኃ የሚሰጠው ከታች ቀዝቃዛ ውኃ ሲገፋው ብቻ በመሆኑ ሮቶው ቢደርቅ እንኳ ባዶውን አይቀርም። ለዚህም በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ አስገብተው፣ ሮቶው ከማሞቂያው ጋን ከፍ እንዲል የብረት መቆሚያውን አስረዝመዋል። በፓኔሉና በጋኑ መካከል ፓምፕ የለም። የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ በራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ጋኑ ውስጥ ይገባል፤ ቀዝቃዛው ተተክቶ ወደ ፓኔሉ ይወርዳል። ጋኑ ከፓኔሉ በላይ መቀመጥ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለውበት ሲባል ጋኑን ዝቅ ለማድረግ የሚጠይቁ ደንበኞች እንዳሉ በትንሽ ምሬት አጫውተውኛል።

የፓኔሉ ፊት ወደ ደቡብ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ ግን አብዛኛው ክፍል ደመና ነው። ሙቅ ውኃ አጥብቀን በምንፈልግባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደዚያ ማየቱ ይጠቅማል። ሰሜንና ደቡብን በስልክ ኮምፓስ ለይተው፣ ጋኑ አጠገብ ያለው ብረት ኮምፓሱን እንዳያሳስተው ራቅ ብለው ደግመው መለካታቸው ጥንቃቄያቸውን ያሳያል።

ከጣራ እስከ መታጠቢያ ቤት የሚወርደውን መስመር ለሙቅ ውኃ በተሠራ ፒፒአር በተባለ የፕላስቲክ ቧንቧ ዘርግተው እስከ መጨረሻው ድረስ በስፖንጅ ሸፍነውታል፤ ስፖንጁ ፀሐይ ላይ በሚውልበት ቦታም እንዳይፈረካከስ በላዩ ሌላ መጠቅለያ አልብሰውታል። በበጋ ጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ 70 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሕፃናት ያሉበት ቤት መሆኑን አይተው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ አስገብተዋል። ይህ ቫልቭ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ያስወጣኝ ዕቃ ነው፤ ላስቀረው ስል «እሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

አሮጌዎቹን ቦይለሮች ሲፈቱ ያየሁት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የአንደኛው ውስጥ ውኃውን እስከሚያሞቀው ሬዚስታንስ ድረስ በነጭ ደለል ተሞልቶ ነበር። ጋኑ እንዳይዝግ በፈንታው እየተበላ የሚያልቀው የማግኒዥየም ዘንግ ከተበላ ቆይቶ ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀደም ብሎ ቤቱን የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ኧርዝ የምንለውን የመሬት ሽቦ ከቦይለሩ ጋር ሳያገናኘው በግድግዳው ውስጥ ቆርጦ መተዉ ነው። ለዓመታት በእርጥብ እግር ስንጠቀምበት የኖርነው ዕቃ ይህ ነበር። ወጣቱ ረዳታቸው የመሬቱን መስመር አስተካክሎ፣ ለአዲሱ ጋን መጠባበቂያ ሬዚስታንስ የራሱን ብሬከር፣ የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲኖር ፈጥኖ የሚቆርጥ መከላከያና ሰዓት ቆጣሪ ገጠመለት። የፀሐይ ማሞቂያ ባታስገጥሙም እንኳ የቦይለራችሁን የመሬት ሽቦ እንድታስፈትሹ አደራ እላለሁ።

ክረምቱን እንዴት አለፍነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ፓኔሉ ብቻውን አልበቃም፤ እሳቸውም ይበቃል ብለው አልዋሹኝም ነበር። ደመናማ በሆኑ ቀናት ውኃው ለብ ከማለት አያልፍም፤ ስለዚህ ሰዓት ቆጣሪው ሬዚስታንሱን ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያበራዋል። ከዜሮ የሚያሞቅ ሳይሆን የጎደለውን የሚሞላ በመሆኑ የሚወስደው ኃይል ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ነው። ለብ ያለ ውኃ ለረጅም ቀን ጋን ውስጥ ከተቀመጠ ባክቴሪያ ሊራባበት ስለሚችልም በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ዲግሪ እንዲደርስ አድርጉ ብለው ያዘዙንን እስካሁን እንፈጽማለን። በበጋ ወራት ሬዚስታንሱ ጠፍቶ ይከርማል ማለት ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋም ሙቅ ውኃ አይቋረጥብንም። ከካርድ ቆጣሪው እንደምንረዳው የወር ፍጆታችን ከበፊቱ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ጥቆማ ሚዛናዊ መሆን ስላለበት ጉድለታቸውንም እናገራለሁ። ጣራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሡም፤ ዘግይተው መልሰው ይደውላሉ። እሑድና በዓል ቀን አይሠሩም፤ እንኳን ክፍያ ልመናም አይመልሳቸውም። የእጅ ዋጋቸው ሻጮቹ «ገጠማው በነጻ» ከሚሉት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የጀመሩትንም ሥራ አጣድፉ ቢሏቸው አይጣደፉም። እኔ በበኩሌ ገጠማ በነጻ የሚባለው ነገር ዋጋው በሌላ ቦታ የተደበቀ ይመስለኛል። በተረፈ ለገዙት ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ ያስረክባሉ፣ የተረፈውን ቧንቧና መገጣጠሚያም ለቤቱ ባለቤት ትተው ይሄዳሉ።

ባለሙያው ለሁሉም ሰው የፀሐይ ማሞቂያ አይገጥሙም። በኮንዶሚኒየም የምትኖር እህቴን ጣራው የጋራ ስለሆነና መስመሩም ብዙ ፎቅ መውረድ ስላለበት እንደማይሆን ነግረዋት፣ በምትኩ የቦይለሯን ቴርሞስታት ከከፍተኛው ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ አድርገው፣ ደለሉን ጠርገው፣ አዲስ የማግኒዥየም ዘንግ አስገብተው፣ ርካሽ የሆነ ሰዓት ቆጣሪ ገጥመውላት ሄዱ። ለተከራዮችም ምክራቸው ይኸው ነው። ሮቶ ለሌለውና ውኃ በሳምንት አንዴ ብቻ ለሚያገኝ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የውኃ ማጠራቀሚያውን አስተካክሉ ይላሉ።

ሊያሠራቸው የሚፈልግ ለብቻዬ ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ስትጽፉ ሰፈራችሁን፣ የቤተሰባችሁን ቁጥር፣ ውኃ የሚመጣባችሁን ቀናት፣ ሮቶው ከጣራው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ጥቀሱ፤ የጣራውን ፎቶግራፍም ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንሥታችሁ ጨምሩበት፤ ጥላውን ለማየት መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። የሚሠሩት በሲኤምሲ፣ በሰሚት፣ በአያትና በእነዚህ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ሲሆን ከጥር በፊት እንዲደርሱላችሁ ከፈለጋችሁ ከአሁኑ ተራ መያዝ ያስፈልጋል።