የቫይታሚን ሲ ሴረም፦ በውኃ፣ በፕሮፔንዲዮል ወይስ በዘይት?

የቫይታሚን ሲ ሴረም የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጠርሙሱ ላይ በጉልህ በተጻፈው መቶኛ ነው፤ ይሁንና ጠርሙሱን አዙሮ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ስሞች ቢያነብ ይበልጥ ይጠቀማል፤ አሟሚው፣ ማለትም ቫይታሚኑ የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ የሚገኘው እዚያ ነውና። አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ ራሱ) በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ወደ 33 ግራም ገደማ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም፤ የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ደግሞ በቅባት የተያያዘ በመሆኑ ውኃ ወዳድ የሆነን ነገር እንደ ልብ አያሳልፍም።

የስኪንሲዩቲካልስ ኩባንያ «ሲ ኢ ፌሩሊክ» የተባለው ሴረም 15 በመቶ አስኮርቢክ አሲድን በውኃና ኢቶክሲዳይግሊኮል በሚባል አሟሚ ይይዛል፤ ቫይታሚን ኢ (1 በመቶ) እና ፌሩሊክ አሲድም (0.5 በመቶ) አሉበት። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሼልደን ፒኔል ቡድን በ2001 በአሳማ ቆዳ ላይ ባሳተመው ጥናት፣ አሲዱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ የሙሙቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ3.5 በታች መሆን እንዳለበትና ከ20 በመቶ በላይ መጨመሩ እንደማይጠቅም አሳይቷል። ምክንያቱም ፒኤቹ ሲወርድ አሲዱ የኤሌክትሪክ ሙላቱን ስለሚያጣ ቅባቱን አልፎ ለመግባት ይመቸዋል። ጉድለቱም ከዚያው ከውኃው ይመጣል፤ አየርና ብርሃን ያገኘው ሙሙት ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ቡናማ የሆነውን ፊት ላይ መቀባት ዋጋ የለውም። ለ30 ሚሊ ሊትር ከ150 ዶላር በላይ ለሚያስከፍል ጠርሙስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዘ ኦርዲናሪ «አስኮርቢክ አሲድ 8% + አልፋ አርቡቲን 2%» ሦስት ነገሮች ብቻ አሉት፦ ፕሮፔንዲዮል (በውኃ ፈንታ የገባ አሟሚ)፣ አስኮርቢክ አሲድና አልፋ አርቡቲን። ውኃ ስለሌለው ቶሎ አይበላሽም፤ ሲቀቡት ግን ወፈር ብሎ ይጣበቃል። አርቡቲኑ ለጥቁር ነጠብጣብ የሚጨመር መሆኑ፣ የብጉር ጠባሳው ለሚጠቁርበት የጠይም ቆዳ ባለቤት ተጨማሪ ጥቅም ነው።

የዚያው ድርጅት 23 በመቶው «ሰስፔንሽን» ደግሞ ጭራሹን ሙሙት አይደለም፤ ዱቄቱ ስኳሌንን በመሰሉ ቅባቶች ውስጥ ተንሳፍፎ የሚገኝ በመሆኑ ሲያሹት እንደ ደቃቅ ጨው ይሻክራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠንከር ብሎ እንደሚቆጠቁጥም አምራቹ ራሱ ያስጠነቅቃል። ያልሟሟ ዱቄት የቆዳን እርጥበት አግኝቶ እስኪሟሟ ድረስ ስለማይገባ፣ 23 የሚለው ቁጥር ከ15 ይበልጣል ብሎ መግዛት ስሕተት ነው።

በየማለዳው የሚቀባና ጠርሙሱን በጥቂት ወራት የሚጨርስ፣ ገንዘቡም የማያሳስበው ሰው የውኃውን ይግዛ። በሞቃት አገር የሚኖር፣ ወይም አንድ ቀን ቀብቶ ሦስት ቀን የሚተው ገዢ የፕሮፔንዲዮሉን ቢይዝ ይሻለዋል። ሰስፔንሽኑን ግን ቆዳው ለሚቆጣ ሰው አልመክርም።