በጥቁር አንበሳ የጉበት ክትትል ለሚሠሩት ሲስተርና ሐኪም የቀረበ የአባት ምስጋና

ባለፈው ሳምንት የልጄን የደም ምርመራ ውጤት ስንቀበል፣ የጉበቷ ቁጥሮች ድፍን ሁለት ዓመት ሳይዛቡ መቆየታቸውን ሐኪሟ ነገሩን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ልቤ እየወሰደኝ ነው። ለዚህ ያበቁንን ሰዎች በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ግን ሕሊናዬ ስለማያርፍ ይህን ጽፌአለሁ። ሲስተር ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ቃላቸውን አክብሬአለሁ፤ ክፍሉ ግን በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኘው የጉበት ክትትል ነው።

ልጄ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ አንድ ክፍለ ጊዜ መጨረስ አቃታት። ጎረቤቱ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ የተንከራተትንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ምሬቱ ግን እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም። አንዱ ዘንድ ጉሉኮስና ቫይታሚን ተሰጥቷት ወደ ቤት ተመለሰች። ሌላው ዘንድ ውጤቱን እንኳ ሳያሳዩን የጉበት ቫይረስ ነው ተባለች፤ ልጄም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳህኗንና ብርጭቆዋን ለይታ፣ ተማሪዎቿን ማቀፍ ትታ፣ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቦታ ደግሞ እኔ አባቷ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «ምን እንደምትጠጪና እንደምትቅሚ እውነቱን ካልተናገርሽ አልረዳሽም» ተባለች። አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ያየሁባት የዚያን ዕለት ነው። እኛም ጨንቆን ዘመድ ያመጣውን ሥር ጨምቀን አጠጣናት፤ ለዚህ ተጠያቂው እኔ ራሴ ነኝ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሪፈር ተጽፎልን ጥቁር አንበሳ ስንደርስ ሐኪሙ የመጀመሪያ ሥራቸው በፌስታል የያዝነውን ወረቀት ሁሉ ተቀብለው እንደየቀኑ ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ መደርደር ነበር። ከመካከሉ አንዱን አንሥተው፣ የሄፓታይተስ ቢም ሆነ ሲ ምርመራዋ ከሰባት ወር በፊት ነጻ እንደነበር አሳዩን። «ልጄ፣ ቫይረስ የለብሽም፤ ቢኖርብሽም ኖሮ በሳህንና በብርጭቆ አይተላለፍም» አሏት። ስለ ጫትና ስለ ባህል መድኃኒት እርሳቸውም ጠይቀዋታል፤ ነገር ግን አስቀድመው ሁለቱም ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ማንኛውንም ታካሚ እንደሚጠይቁ ነገሯት። ያን ጊዜ የሥሩን ነገር እኔው ተናገርሁ፤ አልተቆጡኝም፤ መዝገቧ ላይ ጻፉት።

ተጨማሪ የደም ምርመራ ተደርጎ፣ ከጉበቷም በመርፌ ትንሽ ናሙና ተወስዶ፣ በሽታው ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ መሆኑ ታወቀ። በሽታን ሊከላከል የተፈጠረው የሰውነቷ ኃይል የራሷን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያጠቃው ነበር። ሐኪሙ በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እንደሚያጠቃ፣ ካልታከመ ጉበትን በጠባሳ እያደነደነ እንደሚያበላሽ፣ ሕክምናው ግን የቆየና የተፈተነ መሆኑን በእርጋታ አስረዱን። በለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የታተመ ጥናት፣ ለልጄም የታዘዘውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ይህን የሰውነት ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት የወሰዱት ሕሙማን ካልወሰዱት በእጅጉ በተሻለ ሁኔታ በሕይወት መቆየታቸውን ማሳየቱን ሲነግሩን፣ ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ አመሰገነች።

በተለይ ልናገርላቸው የምፈልገው ግን ስለ ሲስተር ነው። ፕሬድኒሶሎኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ስምንት እንክብል ተጀምሮ በየጊዜው የሚቀንስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም አዛታዮፕሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት የሚጨመርበት ነው። ማዘዣው በፈረንጅ ቀን ተጽፏል። መድኃኒቱን በየማለዳው የምትሰጣት ግን ባለቤቴ ናት፤ እርሷ ቀን የምትቆጥረው በበዓላት ነው። ሲስተር ግራ መጋባቷን ከፊቷ አይተው፣ ከደብተር ላይ ወረቀት ገንጥለው፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ስምንት፣ ከሚካኤል ማግስት እስከ ጽዮን ማርያም ስድስት፣ ከዚያ እስከ መድኃኔዓለም አምስት እያሉ በጉልህ ፊደል ጻፉላት። ደም የምንሰጥበትንም ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከበቡት። ጾመ ነቢያት መግባቱን አስታውሰውም፣ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ የንስሐ አባታችንን ቀድመን እንድናማክር መከሩን፤ አባም ያለ ማመንታት ፈቀዱላት። በስምንት ወር ውስጥ እኛ ቤት ሕይወት እንዴት እንደሚውል አስቦ ያነጋገረን የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ነበሩ።

በመጋቢት ላይ ልጄ ከመድኃኒቱ የተነሣ ፊቷ ስላበጠ፣ ሰውም «ተመችቶሻል» እያለ ስለጎነተላት፣ ማንንም ሳታማክር መድኃኒቱን አቆመች። ደሟ ወዲያው መሰከረባት። እኔ ልቆጣ ስል ሲስተር በእጃቸው ከለከሉኝና፣ «የኔ እህት፣ ከየትኛው በዓል ጀምሮ ነው ያቆምሽው?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ልጄም ከደብረ ዘይት ጀምሮ መሆኑን ነገረቻቸው። ሐኪሙ መጠኑን እንደገና ወሰኑ፣ ሲስተርም ሁለተኛውን ወረቀት ተቀምጠው ጻፉ። እብጠቱ መጠኑ ሲወርድ አብሮ እንደሚቀንስ የነገሯት አልቀረም፤ ዛሬ ፊቷ የቀድሞው ፊቷ ነው።

ወገኖቼ፣ የቤተሰባችሁ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ቢከርምና ቫይረስ የለበትም ከተባለ፣ እባካችሁ እንደ እኛ ስምንት ወር አታባክኑ፤ ወደ ጉበት ሐኪም ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። አሮጌ ወረቀት አትጣሉ፤ የልጄን መንገድ የከፈተው የሰባት ወር ወረቀት ነው። የሰጣችሁትን የባህል መድኃኒትም አትደብቁ። በአዲስ አበባ ወይም በአቅራቢያው ያላችሁ ይህን ክፍል አስቡት፤ እኔ በሙሉ ልቤ እመሰክርለታለሁ፣ ደግሜም እመሰክርለታለሁ።

መድኃኒቱ አሁን ወደ ትንሽ መጠን ወርዷል። ሐኪሙ ማቆም ይቻል እንደሆነ በጥር ቀጠሯችን እንነጋገራለን ብለዋል፤ በሽታው ካቆሙት በኋላ በብዙዎች ላይ ስለሚመለስ ግን ምንም አንቸኩልም። ለዚያ ቀን ባለቤቴ ለሲስተር የምትወስደውን ቡና ከወዲሁ ለቅማ አስቀምጣለች። ሁለቱ ወረቀቶችም ከመድኃኒት ማስቀመጫው በላይ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፉ ናቸው።