የዳይኖሰር ዱካ መሥሪያው ሳጥን፦ ፎርማው ግሩም ነው፣ ወረቀቱን አትመኑ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሚሸጠው ይህ ሳጥን የላስቲክ ፎርማ፣ ግማሽ ኪሎ ጄሶ፣ ማማሰያ እንጨትና የመመሪያ ወረቀት ይዟል።

ፎርማው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ጣቶቹ ሦስት፣ ቀጫጭን፣ የመሃለኛው ረጅም፤ ጫፋቸው ላይ ጥፍር ይታያል። በሁለት እግሩ የሚሄድ የሥጋ በል ዳይኖሰር፣ የቴሮፖድ ዱካ ማለት ነው። ቅጠል በል የሆኑት ኦርኒቶፖዶችም ባለ ሦስት ጣት ዱካ ትተዋል፤ የእነሱ ግን ጣቱ ወፍራም፣ ጫፉ ድቡልቡል፣ ስፋቱም ከርዝመቱ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሳጥኑ ላይ «ቲ-ሬክስ»፣ ማለትም የግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር ስም መጻፉ ግን ልጆችን ያሳስታል። ፎርማው 14 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፊልሞንት ላይ የተገኘው፣ የቲ-ሬክስ ነው የሚባለው ዱካ 83 ገደማ ይሆናል። የዱካው ርዝመት በ4 ሲባዛ ከመሬት እስከ ዳሌ ያለውን ከፍታ በግምት ይሰጣል፤ እዚህ 56 ሴንቲ ሜትር፣ የበግ ያህል። ቅርጹ ግራላተር ወደሚባሉት ዱካዎች ያደላል። ግራላተር የዱካው ስም እንጂ የእንስሳው አይደለም፤ የረገጠው እንስሳ አጥንት ከዱካው ጋር ስለማይገኝ ዱካ የራሱ ስም ይሰጠዋል።

ትልቁ ስህተት ውሃው ላይ ነው። ወረቀቱ ለ500 ግራም ጄሶ ግማሽ ሊትር ውሃ ይላል። እንዲህ የተበጠበጠ ጄሶ ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ጣቶቹም ይሰበራሉ። ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ውሃው ይቅደም፣ ጄሶው በላዩ ይነስነስ፤ ውሃ ጄሶ ላይ ከፈሰሰ ይጓጉላል። ፎርማውን ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከአንድ ጠርዝ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ አረፋው እንዲወጣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ማድረግ። ለጣቶቹ ቀጭን ሽቦ ቢገባ ይጠነክራሉ። ለ40 ደቂቃ ሳይነካ ይቆይ። ከፎርማው ከወጣ በኋላ ለሙሉ መድረቅ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ቀን ሲበቃው፣ የደሴ የነሐሴ ጉም ከዚያ በላይ ያቆየዋል። ልጆች እጃቸውን ጄሶው ውስጥ እንዳይነክሩ፤ ሲጠነክር ይግላል፣ ያቃጥላል። ትራፊው ማጠቢያ ላይ አይደፋ፣ ቱቦ ይዘጋል።

ልጆች ዱካ ፍለጋ ጦሳ ተራራ እንውጣ ማለታቸው አይቀርም። የደሴ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው፤ ዳይኖሰሮች ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። የዳይኖሰር ጥርስ የተገኘው ሙገር ላይ፣ ከዚህ እጅግ በሚያረጅ ደለል ድንጋይ ውስጥ ነው። ይልቅ ቦርከና ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ የዶሮ ዱካ ፈልጎ ከፎርማው ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ ወፎች የቴሮፖድ ዘር ናቸውና ሦስቱ የፊት ጣቶች ዛሬም እዚያው አሉ።