ላሟን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ ላሉኝ ዶክተር

አልሐምዱሊላህ፣ የደረጃ 4 ሲኦሲዬን (የሙያ ብቃት ምዘናዬን) አለፍኩ። ዱአ ላደረጋችሁልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ግን ለይቼ የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ኮምቦልቻ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር ናቸው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ነው እንጂ በትልቁ ብጽፈው ደስ ባለኝ።

ኮሌጅ ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታ ሥራዬ ከብት መያዝ፣ መርፌ ማቀበልና ወለል ማጠብ ነበር። ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ሦስት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ዶክተር ግን ገና በመጀመሪያው ቀን "በምን መጎበዝ ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "በማደንዘዣና በቀዶ ሕክምና" አልኳቸው። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ስምንት ወር ተማርኩ። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

የአንዲት እናት ላም መቼም አትረሳኝም። ከተማ ውስጥ ያገኘችውን ስትለቃቅም የምትውል ናት፤ መብላትም ማመስኳትም ትታ፣ ግራ ጎኗ ተነፍቶ መጣች። ሆዷን የሞላው ፌስታል ነበር። ዶክተር "እኔ እከፍታለሁ፤ ላሟን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ" አሉኝ። የልብ ምቷን፣ አተነፋፈሷንና የድዷን ቀለም በየአምስት ደቂቃው እያየሁ እጽፋለሁ። ስለምትታወክ ትንሽ ማረጋጊያ አስፈለጋት። ዛይላዚኑን ስቀዳ እጄን ያዝ አድርገው "ይሄ የፈረስ ነው የላም?" አሉኝ። ደነገጥኩ። ከብት ይህን መድኃኒት አትችለውም፤ ለፈረስ ከሚሰጠው አንድ ዐሥረኛው ያህል ይበቃታል። የቀዳሁትን ብሰጣት ኖሮ ቆማ መሠራት ያለባት ላም ትተኛብን ነበር። የተኛች ከብት ደግሞ ሆዷ ይብስ ይነፋል፣ ከሆዷ የሚመለሰውም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ጎኗ በሊዶካይን ደንዝዞ፣ እንደቆመች ተከፈተች። የወጣው ፌስታልና ገመድ ባልዲ ሞላ። ሊሰፉ ሲሉ "ጎዙን ቁጠሪ" አሉኝ፤ ደም የሚጠረግበት ጨርቅ ሆዷ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር ነው። አንድ ጎደለ። ዶክተር መርፌያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ ገለባው ላይ ወድቆ እስካገኘው ድረስ አንድ ጥልፍ አልሰፉም። የላሟ ባለቤት "እጅሽ ይባረክ ልጄ" ብለው ሲመርቁኝ ዶክተር "እሷን መርቋት፣ ይገባታል" አሉ።

አንድ ቀን "ረዳት እንደሆንኩ ልቀር ነው" ብዬ አማረርኩባቸው። በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ነርሶች መደበኛ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1961 መጀመሩን፣ በአሜሪካ ደግሞ ቴክኒሻኖች በማደንዘዣ፣ በድንገተኛ ሕክምና፣ በጥርስም ሳይቀር ስፔሻሊስት እንደሚሆኑ፣ ለዚያም የሠሩባቸውን እንስሳት አንድ በአንድ መዝግበው እንደሚያቀርቡ ነገሩኝ። ከዚያ ደብተር ሰጡኝ። አሁን 62 እንስሳት ተመዝግበውበታል፤ የተሳሳትኩትም ሳይቀር።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ቃሉ የምትሠሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አይቀበሉም፣ ማርፈድም አይወዱም። ከብት ያላችሁም ላማችሁ ማመስኳት ስታቆም ነገ ይሻላታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ውሰዷት። ቦታውን ለማታውቁ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ።

ዶክተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።