ሦስት ቅዳሜ፣ 4,500 ብር፦ የስቶሪቴሊንግ ሥልጠናው ያዋጣል?

ባልትና እሸጣለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። ደንበኞቼን የማገኘው በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። ዘንድሮ ባንኩም፣ ቤት ሻጩም፣ ቲክቶከሩም «ስቶሪቴሊንግ» ይላል፤ ታሪክ እየነገሩ መሸጥ ማለት ነው። እኔም 4,500 ብር ከፍዬ ሃያ ሁለት አካባቢ የሚሰጥ የሦስት ቅዳሜ ሥልጠና ገባሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። አሠልጣኙ ገና ፕሮጀክተሩን ሳይከፍት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተረት ተረት» አለን። አሥራ አራታችንም ሳናስበው «የላም በረት» ብለን መለስን።

«አያችሁ? ተረት ነጋሪ መልስ ሳያገኝ አይቀጥልም። እናንተ ግን ቪዲዮ ስትጀምሩ ማንንም አትጠሩም» አለን።

ቀጥሎ አባባ ተስፋዬን አነሳ። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። ወጋየሁ ንጋቱንም አነሳ። በሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰዉ ግን ሁሉንም ያየው ነበር። እኔ ቤት ያለውን መብራትና የስልክ ማቆሚያ አሰብኩ። ለካ የጎደለኝ እሱ አልነበረም።

ሁለተኛው ቅዳሜ የራሳችንን ጻፍን። የእኔ የድሮ ቪዲዮ «ንጹህ ባልትና በተመጣጣኝ ዋጋ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። አሠልጣኙ «የከሰርሽበትን ቀን ንገሪን» አለኝ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ ያስፈጨሁት 12 ኪሎ በርበሬ በሳምንቱ ሻገተብኝ። በደንብ ሳይደርቅ ነበር ወፍጮ ቤት የወሰድኩት። ጎረቤቴ የነበሩ እናት ሲያዩኝ አንድ ዛላ አንስተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ጆሮሽ ጋ አስጠግተሽ ነቅንቂው። ፍሬው ካላንሿሿ አልደረቀም» አሉኝ።

አሁን ቪዲዮዬ የሚጀምረው በዚያ ድምፅ ነው። የማረቆ ዛላ፣ ማይኩ አጠገብ፣ ሿ ሿ። ከዚያ «ይሄ የምን ድምፅ ነው?» እላለሁ። መልስ የሚጽፈው ሰው ብዛት! ሪያድ ያለች አንዲት እህት በድምፅ መልእክት «እናቴ ግቢ ውስጥ ስታሰጣ ትዝ አለኝ» ብላ ለእናቷ ቤት 5 ኪሎ አዘዘች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ግን አልተመቸኝም። የውጭ አገር ማስታወቂያ ሲታይ ዋለ። የጀግናው ጉዞ የሚባለውን የታሪክ አወቃቀር አሥራ ሁለት እርከን አንድ በአንድ ገለበጥን። ለፊልም ጸሐፊ ይጠቅም ይሆናል፤ ለደቂቃ ቪዲዮ በዛ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ምክሩ ነው። «ታሪክ ከሌላችሁ አያት ፍጠሩ፤ የአያት ነገር ይሸጣል» አለ። እዚያው እጄን አወጣሁ። እኔ አያቴን አላውቃትም። ሙያውን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። የእሳቸውን ድካም ለሌለች አያት አልሰጥም። በርበሬዬን አምኖ የሚበላ ሰው ወሬዬንም አምኖ ነው የሚሰማው። አሠልጣኙ «ምርጫሽ ነው» ብሎ አለፈኝ። በዚህ ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ሊያወራን ይገባ ነበር።

ክፍሉ ንጹህ ነው። ማኪያቶና ሳምቡሳ ከክፍያው ጋር ነው። ሰዓት ግን አያከብሩም።

የምትሸጡት ነገር ካለና አጀማመሩ ከጠፋባችሁ ግቡ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ብቻ ቀድማችሁ ተራ ያዙ። ከአሥራ አራታችን ጽሑፋችንን ለማንበብ የደረሰን ስድስት ነን።