የአባዬን ዝማሬ ለመለሰልን የኦርጋን ባለሙያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ብቻ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

አባዬ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከግራ እጁ የሚታዘዙለት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ በአሮጌዋ ካሲዮ ኦርጋን መዘመሩን አልተወም፤ በአንድ ጣት አንዷን ቁልፍ ሲነካ ሙሉው ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች፣ ከነሪትሙ ይመጣለታል። እሷ ስትበላሽ እህቴ ከዱባይ ያገለገለ ያማሃ ላከችለት። አባዬ ነካው፤ ከበሮው ይመታል፣ ኮርድ ግን የለም።

መጀመሪያ የወሰድንበት ቤት «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ቀብድ ተቀበለንና ሦስት ሳምንት አስቀመጠው። በደወልን ቁጥር «ነገ»። ሁለተኛው የአባዬን እጅ አየና «ለእሳቸውማ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ፤ አባዬ ቆሞ እየሰማ! ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቤት ስንገባ አባዬ ኦርጋኑን በነጠላ ሸፈነው፤ ለሳምንታት አልገለጠውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አዳማ ያለ ልጅ ጠቆመኝ። ልጁ መፍቻ እንኳ አላነሳም። «ደህና ነው፤ ኮርዱን በሙሉ ጣት ለሚይዝ ሰው ተስተካክሎ ነው እንጂ» አለና የሆኑ በተኖች ተጫነ። ኮርዱ መጣ! ማይነር (ሐዘን ሐዘን የሚለው ኮርድ) ላይ ሲደርስ ግን አባዬ ይበላሽበታል። ደጋግሞ ሞከረና እጁን ሰበሰበ።

ልጁ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ጣቶቹን አየ፣ አየና «አባባ፣ ድሮ የሚጫወቱት ካሲዮ ነበር እንዴ?» አለው።

ነበር! ለካ ካሲዮ ላይ ለማይነር ከዋናው ቁልፍ በስተቀኝ ካሉት አንዱን መጨመር ይበቃል፤ ያማሃ ላይ ደግሞ በስተግራ ቅርብ ያለችው ጥቁር ናት የምትጨመረው። «እጅዎ እኮ አልረሳም፤ የለመደውን ነው የሚያደርገው» አለው። አባዬ ከታመመ ጀምሮ ስለ እጁ እንዲህ ብሎ ያናገረው ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ የእኔም። ከዚያ ልጁ የአባዬን አውራ ጣት ኤ የምትባለው ነጭ ቁልፍ ላይ፣ ሌባ ጣቱን ደግሞ በግራዋ ጥቁር ላይ አስቀመጠለት። ሌላ ደንበኛ ቢመጣም «ትንሽ ጠብቁኝ» እያለ፣ አባዬ ሳይሳሳት አንድ መዝሙር እስኪጨርስ አልተነሳም። ሂሳብ ስንጠይቀው «ምን ጠገንኩና?» አለን። በግድ ነው ኪሱ የከተትነው።

ወገኖቼ፣ ኦርጋን ያላችሁ፣ በተለይ አረጋዊ ወላጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቦርድ ከማስቀየራችሁ በፊት እሱ ጋ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ እሱ ጋ ውሰዱት! በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ።

ነጠላውን እማዬ አጥባ መልሳ ለብሳዋለች። አባዬ ይሄን ስጽፍ እንኳ ከጓዳ እየዘመረ ነው።